ለድንቢጥ የሰጠሻት ሸራ

ውድ እታለም፣

ፖስታ መጣልሽ ሲሉሽ እንዳትደነግጪ። የሞተ ሰው የለም። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን እንደ ልማዷ እየረገመች ትሄድበታለች። በወረቀት የጻፍኩልሽ ስልክ ብደውል «ምን አዲስ ነገር አለ?» ትይኛለሽ፣ እኔም «ምንም፤ አንቺስ?» እላለሁ፣ ከዚያ የእማዬን ጉልበት አንስተን እንዘጋዋለን ብዬ ነው። በስልኩ ጨዋታ ውስጥ እንዳልጽፍልሽ ደግሞ እዚያ የሚጻፈውን አጠገብ የቆመ ሁሉ ያነበዋል። ይኼን አንቺ ብቻ እንድታነቢው ነው የምፈልገው።

ቀንቻለሁ። መጀመሪያ ይኼን ልበልና ይውጣልኝ። ቆሽቴ እስኪያር፣ እርር ድብን እስክል ቀንቻለሁ። የቀናሁትም ፊቷን አይቼ በማላውቃት፣ ራሷን «ድንቢጥ» ብላ በምትጠራ ሴት ነው። ይኼን ስታነቢ ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ። ስቀሽ ስትጨርሺ ግን ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ የወደቡ ክሬንሽ ወሬ ሲሆን እኔም እስከ መጨረሻው ነው የምሰማሽ።

ወደቡ ሥራ ሰጥቶሽ ከቤት ስትወጪ ስልኬን ተቀብለሽ ያንን ጨዋታ የጫንሽልኝ አንቺ ነሽ። «ደሴቲቱ ላይ እንገናኛለን። አንቺ ከሥራ ስትወጪ እኔም ከክሬኑ እወርዳለሁ፤ አብረን ዓሣ እናጠምዳለን» አልሽኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ጀሶ ሳቦካ፣ በሰም ድድ ስቀርጽ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስደረድር የምውል ሴት ነኝ። ማታ ደግሞ የሌለ ዓሣ ላጥምድ? አልኩ በሆዴ። እማዬም በትከሻዬ ላይ አሻግራ ስልኩን እያየች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለኝ ነበር። ቢሆንም ገባሁ። አንቺ እዚያ ነበርሽና።

በመጀመሪያ ጊዜ ደሴቲቱ እንዴት እንደነበረች አልረሳሽም መቼም። ያጠመድነው ዓሣ፣ የለቀምነው ፍሬ፣ ሁሉም የጨዋታው ፀሐይ ስትወጣ ይበላሻል። ማስቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ማታ ማታ ሰው ሁሉ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ይሰበሰብና የተረፈውን ለሌላው ይሰጣል። ሲሰጥም «ውሰጂልኝ፣ ሊበላሽ ነው» ይላል። ያንን አነጋገር ያስለመደን ሹፌሩ ነበር፤ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ አፉ የማያርፈው። አንድ አዲስ ሰው መቀበል አፍሮ እግሩን ሲጎትት ያየ እንደሆነ «ኧረ ባክህ ገላግለኝ፣ ሊበላሽብኝ ነው!» ብሎ ይጮህበታል። እንዲህ ከተባለ በኋላ ተቀባዩ ውለታ የለበትም፤ እንዲያውም የረዳው እሱ ይሆናል። ማንም ማንንም አመስግኖ አያውቅም ነበር፤ ማንም ደግሞ ባዶ እጁን አይገባም።

ያኔ ትልልቆቹን ዓሦች የምታስቀሪው ለእኔ ነበር። ሌላው እጁን ሲዘረጋ «ቆይ፣ እህቴ አልመጣችም» ትይ ነበር። ይኼን መንደሩ ሁሉ እያነበበ ነው የምትጽፊው። አታውቂም እንጂ እኔ ያንን ቃል በማግስቱ ላብራቶሪ ይዤው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ጥርስ ስሞርድ ብቻዬን ስስቅ ጠረጴዛ የምጋራት ሴትዮ፣ «እማማ ሰም» የምንላት፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ማነው? ንገሪኝ፣ ለማንም አላወራም» አለችኝ።

«ማንም አይደለም። እህቴ ዓሣ ሰጥታኝ ነው።»

«እና ምን ያስቃል? በላሽው?»

«አይበላም። የጨዋታ ነው።»

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ባል አግቢ።»

ከዚያ ጎተራው መጣ። የጨዋታው ባለቤቶች ምን ሰይጣን እንደነገራቸው እንጃ፣ ከአንድ ጠዋት ጀምሮ ለያንዳንዳችን ምንም ነገር የማይበላሽበት ጎተራ ሰጡን፤ ከጎኑ ገበያ ከፈቱ፤ መገበያያም ዛጎል አደረጉ። ሁላችንም በደስታ ጨፈርን። አንቺም ጨፍረሻል፣ አትካጂ። በሳምንቱ ዳርቻው ላይ የቀረው ሹፌሩ ብቻ ነበር። «ሰው ምን በላው?» እያለ ይጽፋል፣ የሚመልስለት የለም። ሁሉም ጎተራው ውስጥ ዓሣ ይከምራል። ለጋሶች ነን ስንል የነበርነው ሰዎች፣ ዓሣው አልበላሽ ሲል ጊዜ ተጋለጥን፤ ለካ ዓሣው ነበር ለጋሱ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ አንቺ ለንግድ አልተፈጠርሽም፣ እኔ ግን ተፈጥሬ ተገኘሁ። ባሕሩ ሰላም ሲሆንና ዓሣ ሲረክስ እገዛለሁ፤ ማዕበል ሲሆን እሸጣለሁ። ይኼው ነው ጥበቡ፣ ሌላ የለውም። ጎተራዬ ሞልቶ ሁለተኛ ሠራሁ። ስሜ ሁሉ ጠፍቶ «የጎተራዋ ሴትዮ» ተባልኩ። ስስታም ነች ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ለምን እንደማከማች ማንም አልጠየቀኝም፤ አንቺም አልጠየቅሽኝም። ጀልባ እየሠራሁ ነበር። ትልቅ ጀልባ አይደለችም፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሩቆቹ ደሴቶች የምታደርስ። ሁለት ሰው ብቻ የሚለው ነገር ሆን ብዬ የመረጥኩት ነው። ሦስት የምትይዘው ዋጋዋ ያው ነበረ።

የጎደላት ነፋስ የሚነዳት ሸራ ብቻ ነበር። ሸራ ደግሞ ከመንደሩ የምትሸምኚው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ መጀመርሽን ሳይ «ለማነው?» አላልኩሽም። ለማን ይሆናል? ብዬ። አፌን ሞልቼ ለራሴ ነገርኩት፦ የእኔ ነው።

አየሽ፣ እኔ ስቀና ዝም ብዬ አልቀናሁም፤ አስቤበት ነው። ከጎተራው በፊት የሰጠሽኝ ሁሉ ፀሐይ የሚቀማሽ ነገር ነበር። ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም ይጠፋል። አሁን ግን የሚሰጥ ሰው ከራሱ ቀንሶ ነው የሚሰጠው። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚወድ የሚታየው አሁን ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ጠበቅሁ። ጎተራዎቹ ከመጡ ወዲህ ከአንቺ አንዲት ዓሣ አልደረሰችኝም። አንድ ማታ ከጎተራዬ በር ላይ መጥተሽ ቆም አልሽና ሳታንኳኪ ተመለስሽ። «ምነው?» ብልሽ «መንገድ ስቼ ነው» አልሽኝ።

ያቺ ድንቢጥ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። መረብ የላት፣ መንጠቆ የላት፣ ባዶ እጇን ዳርቻው ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል። ባርኔጣሽን ሰጠሻት። ፋኖስሽን ሰጠሻት። መረብሽን፣ ያንን እኔ እንኳ ለምኜሽ «አመል አለው፣ ካልለመደው ሰው ጋር አይሠራም» ያልሽኝን መረብ ሰጠሻት! እኔ ይኼን ሁሉ ከዘንባባው ጀርባ ቆሜ አየሁ። አዎ፣ ተደብቄ ነው ያየሁት። በመጨረሻም ሸራውን አውጥተሽ ፊቷ አስቀመጥሽና «ውሰጂልኝ፣ ሊበላሽ ነው» አልሻት።

ሸራ ይበላሻል እንዴ? አንቺ ሴት፣ ሸራ ይበላሻል?

እሷ ደግሞ ምን አለችሽ? «እሺ እታለም» አለችሽ። እታለም! በዓለም ላይ አንቺን እታለም የምል እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ስፈታ የፈታሁት በሱ ነው ትላለች እማዬ። ልጅቷ ዓሣም ትውሰድ፣ ሸራም ትውሰድ፣ ያንን ከየት አምጥታ ነው የምትወስደው? አንቺስ «እንደሱ አትበይኝ» ማለት አቃተሽ? ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ ተነሳሁና ያልቆሸሸ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

በማግስቱ የአንዱን ሽማግሌ የላይኛ ጥርስ በሌላው ሽማግሌ የታችኛ ጥርስ ላይ ገጥሜ ለዶክተሩ ላክሁ። መለሰው። እማማ ሰም አይታኝ በሩን ዘጋችና «ዛሬ ትነግሪኛለሽ» አለች። ነገርኳት። ዓሣውን፣ ጎተራውን፣ ሸራውን፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ሰሟን ማሞቅ አቁማ አሰበችበት።

«ልጅቷ ትሸጠዋለች?»

«ምኑን?»

«የተሰጣትን። ሂጂና ልግዛሽ በያት። ከሸጠችው እህትሽን አትወዳትም፤ ይኼን ለእህትሽ ትነግሪያታለሽ፣ ነገሩ አለቀ። አልሸጥም ካለችሽ ደግሞ አርፈሽ ጥርስሽን ሥሪ።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ የተሻለ ምክር ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ማታ በቀጥታ ሄድኩባት። «ያንን ባርኔጣ ትሸጭልኛለሽ?» አልኳት። ዓይኗን አላሸችም። ዋጋ ጠራች፤ ያውም ሰው የሚያፍርበት ዋጋ። ቀንሺ አልኳት። «አልቀንስም» አለች። ከፈልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ባርኔጣሽን አድርጌ ደሴቲቱን ዞርኩ። በሳምንቱ ፋኖሱን ገዛሁ፤ ቀጥሎ መረቡን። በጠራችው ዋጋ ሁሉ እከፍላለሁ፣ እሷም ትሸጣለች። አንቺ ደግሞ ሌላ ነገር ትሰጫታለሽ፤ እኔ እሱንም እገዛዋለሁ። ያንን የተቀደደ ጓንትሽን እንኳ ገዝቻለሁ። አንዴም ቢሆን ይኼ ነገር ለምን አያልቅም ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቅናት ሰው ያደነቁራል።

በዚያው ሰሞን የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን እያነሱ ጎንበስ ይሉልኝ ጀመር። አላገጡብኝ ብዬ ዘጋኋቸው። አንዱን እንዲያውም ተሳድቤያለሁ፤ ልጁ «ይቅርታ እትዬ» ብሎኝ ሄደ።

መጨረሻ ላይ ሸራው ቀረ። ድንቢጥ ዋጋውን ስትነግረኝ ስልኩን ከእጄ ልጥለው ነበር፤ ሁለቱንም ጎተራ ባዶ የሚያደርግ ነው። ጀልባዋንም ጭምር መሸጥ ነበረብኝ። ሸጥኳት። የጀልባዋን ሸራ ለመግዛት ጀልባዋን ሸጥኩ፤ ከእኔ ሌላ እንዲህ ያለ ሞኝ ታውቂያለሽ? ሸራውን ተረክቤ በእጄ ከገባ በኋላ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን ያዝኩሽ አልኩ። በዚያችው ደቂቃ ጻፍኩላት፦

«ታዲያ አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? እህቴ ስንት ጊዜ ቁጭ ብላ የሸመነችውን ለገንዘብ ብለሽ ትሸጫለሽ? አሁኑኑ ነው የምነግራት።»

እሷም እንዲህ ብላ መለሰች፦

«እታለም አልነገረችሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሽጪው ያለችኝ እሷ እኮ ናት። ሁሉንም። ‘ለሌላ ሰው እንዳትሸጪ፤ ለእህቴ ብቻ። የእኔ መሆኑን ካወቀች ትገዛዋለች። ዋጋም እንዳትቀንሺላት’ ነው ያለችኝ። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

አነበብኩት። መልሼ አነበብኩት። ድንቢጥ መደንገጤ ገብቷት ነው መሰል ልታጽናናኝ ተነሳች፤ ያ ደግሞ የባሰ ነበር። ዛጎሉ የት እንደሚገባ ነገረችኝ። ጎተራው ከመጣ ወዲህ አዲስ ሰው ደሴቲቱ ላይ አንድ ቀን እንኳ እንደማይቆይ፣ መረብ በዛጎል ሆኖ፣ ዛጎል ደግሞ በዓሣ ሆኖ፣ ዓሣ ደግሞ ያለ መረብ የማይገኝ ሆኖ ሰው ገብቶ እንደሚወጣ ነገረችኝ። ከሹፌሩ ጋር ሆናችሁ ዳርቻው ላይ የጀማሪዎች ቤት መክፈታችሁን፣ የመጣ ሁሉ መረብና መንጠቆ ወስዶ እንደሚሄድ፣ ማን ሰጠን ሲሉም «የጎተራዋ ሴትዮ» እንደምትሏቸው ነገረችኝ። መንገድ ላይ ጎንበስ የሚሉልኝ እነሱ ኖረዋል።

እኔ ሳላውቅ ደግ ሆኛለሁ ማለት ነው። መንደሩ የሚኖረው በእኔ ቅናት ነው። አንቺ ክሬንሽ ላይ ሆነሽ ከመርከብ ኮንቴይነር እንደምታነሺው የእኔን ጎተራ በዝግታ አንስተሽ አራገፍሽው፤ የክሬኑ መንጠቆ ደግሞ እኔው ነበርኩ። እጅሽን ልሳመው ወይስ ልንከሰው?

«ለምን እኔኑ አልጠየቀችኝም?» ብዬ ጻፍኩላት። ይኼን የጠየቅሁት ማልቀስ ጀምሬ ነው። ጨዋታ ላይ እንባ አይታይም፣ ይኼ አንዱ ጥሩው ነገር ነው።

«ጠይቄያታለሁ» አለች ድንቢጥ። «አንድ ማታ ለአንቺ ትልቅ ዓሣ ይዛልሽ መጥታ ነበር። ጎተራሽን ስታየው አፈረች። ‘እሷ ሁሉ አላት፤ ዓሣ ይዤ ምን ልበላት?’ አለችኝ።»

ጎተራዬ በር ላይ ቆመሽ የተመለስሽው ለካ ያን ቀን ነበር። ዓሣ ይዘሽ። እኔ ውስጥ ሆኜ እንድታንኳኪ እየጠበቅሁ፣ አንቺ ውጭ ሆነሽ እያፈርሽ። ጎተራውን እኮ የሠራሁት ለሁለታችን ነበር እታለም። እየሞላሁት በሄድኩ ቁጥር ለአንቺ መግቢያ እየደፈንኩ መሆኔን ማን ይንገረኝ?

ወጥ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ጨዋታው ባይገባትም ነገሩ ገባት። «ልጅ ሆናችሁም እንዲሁ ነበረች» አለች። «ያንን ቀይ ሹራብሽን ለጎረቤት ልጅ አልብሳ የመጣች ጊዜ ሦስት ቀን አኩርፈሻታል።»

«ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር!»

«ሹራቡን?»

«አዎ!»

«ውሸታም» አለችኝና ድስቷን ማማሰል ቀጠለች።

እንግዲህ ልንገርሽ፤ አልተቆጣሁም ብልሽ ውሸት ነው። ተቆጥቻለሁ። ዛጎሉ አይደለም የሚያናድደኝ፤ ይብሉት፣ ይጠጡት፣ መረብ ይግዙበት። የሚያናድደኝ ያን ያህል የምታውቂኝ መሆንሽ ነው። «የእኔ መሆኑን ካወቀች ትገዛዋለች» አልሽ። በቃ፣ እንደዚያ እርግጠኛ ሆነሽ። የተቀደደ ጓንትሽን እንኳ እንደማልተው አወቅሽ። ይኼን ሁሉ ካወቅሽ የሚያምረኝ ምን እንደነበር እንዴት ጠፋሽ? ሰዎቹ ጎንበስ ሲሉልኝ የሚሰጡኝ ስም ከአንቺ የመጣ ስጦታ ነው፣ ይገባኛል፤ መልካም ስም አተረፍሽልኝ። እኔ ግን ስም አልነበረም የፈለግኩት። «ቆይ፣ እህቴ አልመጣችም» ብለሽ አንዲት ዓሣ ብታስቀሪልኝ ነበር የፈለግኩት።

በድንቢጥም አሁንም እቀናለሁ። ደግ ልጅ ናት፣ አዎ፤ ስትነግረኝ እየተጠነቀቀች ነበር፣ በመጨረሻም «ሸራውንም ዛጎሉንም ልመልስልሽ» አለችኝ፤ ሸራው እኔ ጋ መሆኑን ረስታው ነው። ደግ መሆኗ ግን ምንም አያግዝም። እሷ ባዶ እጇን ስለመጣች አገኘችሽ። እኔ ሞልቶልኝ አጣሁሽ። ሁሉ ላለው ሰው ማንም ምንም አይሰጠውም፤ ይኼን ጎተራ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነበር።

አሁን ጎተራዎቼ ባዶ ናቸው። ዛጎል የለኝም፣ ጀልባ የለኝም። ዶክተሩን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ እማዬን ደግሞ እማማ ሰም አያታለሁ ብላኛለች። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ትምጣ አትምጣ ብለሽ እንድትመክሪበት አይደለም የምነግርሽ። ለአንቺም ምንም ይዤ አልመጣም፤ እማዬ ልትቋጥርልኝ የተነሳችውን ሁሉ እምቢ ብያለሁ። ፎጣ አልይዝም፣ የሌሊት ልብስ አልይዝም፣ የመመለሻ ትኬትም አልቆርጥም። ከክሬንሽ ሥር ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ስትወርጂ ርቦኝ ታገኚኛለሽ።

ያን ቀን ማታ ድንቢጥ ደሴቲቱ ላይ ጠብቃ የት ቀረሽ ካለችሽ፣ «እህቴ መጥታብኛለች፤ ምንም የላትም» በያት።

ታናሽሽ